የእብጠቱ ስም ሳይታወቅ ሕክምና አይመረጥም፦ ካንሰር የሆነና ያልሆነ እጢ ሲነጻጸሩ

አክስቴ የዘጌ ሰው ናት። ቡና ትለቅማለች፤ በገበያ ቀን ጀልባ ተሳፍራ ባሕር ዳር ትመጣለች። ጡቷ ላይ ባቄላ የምታህል ነገር ያገኘችው ገላዋን ስትታጠብ ነው። አላመማትም። ስላላመማትም ለማንም አልተናገረችም። «ካልነካሁት አይነካኝም» ብላ ተወችው።

እያደገ ሲሄድ ግን ነገረችኝና ከተማ ውስጥ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄድን። ቦታውን አደንዝዘው ቆርጠው አወጡት። «የስብ እጢ ነው፣ አታስቢ» አሏት። ፋሻ አሰሩላት፤ ሂሳብ ከፍለን ወጣን። በማግስቱ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

የወጣው ሥጋ የት ሄደ? ማንም አልጠየቀም። እኔም አጠገቧ ቆሜ አልጠየቅሁም። ለምርመራ አልተላከም፤ ተጥሏል። በስምንተኛው ወር ከጠባሳው ጎን ሌላ እብጠት ወጣ። ብብቷ ሥርም ንፍፊት የመሰለ ነገር ተጨመረ። ያን ጊዜ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ካንሰር ሆኖ ተገኘ።

ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው «ይቆረጥ ወይስ ይተው?» ብሎ ይጠይቃል። «ኬሞ ይሻላል ወይስ ቀዶ ሕክምና?» የሚልም አለ። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ግን ከነሱ በፊት የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ። እብጠቱ ስሙ ምንድን ነው? የካንሰርና ካንሰር ያልሆነ እጢ ሕክምና እጅግ የተራራቀ ስለሆነ፣ ስሙ ሳይታወቅ የሚመረጥ ሕክምና ግምት ነው።

ሁለቱ የሚለያዩት ምን ላይ ነው?

ሐኪሞች «ቤናይን» የሚሉት ካንሰር ያልሆነውን እጢ ነው። ሊያድግ ይችላል፤ አንዳንዴም እንደ ሎሚ፣ እንደ ብርቱካን፣ ከዚያም በላይ ይሆናል። ግን ባለበት ቦታ ነው የሚያድገው። ጎረቤቱን ይገፋል እንጂ ሰብሮ አይገባም። በደም ተጉዞ ሳንባ ወይም ጉበት ላይ አይተከልም።

«ማሊግናንት» የሚሉት ካንሰሩ ደግሞ ጎረቤቱን ሰብሮ ይገባል። በሊምፍና በደም ሥር ተጉዞ ሩቅ ቦታ ይበቅላል። የሕክምናው ልዩነት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው። የማይሰራጨውን ለማከም ያለበትን ቦታ ማየት ይበቃል። ለሚሰራጨው ግን መላው ሰውነት መታሰብ አለበት።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለብን አንድ ነገር አለ። ሕመም መለያ አይደለም። የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙውን ጊዜ አያምም፤ መግል የያዘ ተራ እብጠት ግን እንቅልፍ ይነሳል። «አላመመኝምና ደህና ነው» የሚለው ሐሳብ አክስቴን ብዙ ወራት አስከፍሏታል። ትልቅ መሆንም መለያ አይደለም። ማዮማ የሚባለው የማህጸን እጢ ግዙፍ ሆኖም ካንሰር ላይሆን ይችላል፤ አተር የምታህል ጠጣር ነገር ደግሞ ልትሆን ትችላለች። በእጅ ሲነካ ለስላሳና ተንቀሳቃሽ የሆነ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ ጠጣር ሆኖ ከሥሩ የተጣበቀ ያሳስባል። ይህ ግን መጠርጠሪያ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም።

መርፌና ቢላ ያሰራጨዋል ወይ?

በኛ አካባቢ ሰውን ከምርመራ የሚያስቀረው ትልቁ ፍርሃት ይህ ነው። «ብረት ከነካው ይባባሳል» ይባላል። አባባሉ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ብዙ ሰው ወደ ሐኪም የሚሄደው በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። ተቆርጦ ከጥቂት ወራት በኋላ ሲሞት ሰፈሩ ቢላውን ይከስሳል። በሽታው ግን ከቢላው በፊት ተሰራጭቶ ነበር።

ለጡት፣ ለእንቅርት፣ ለአንገት እብጠት በመርፌ ናሙና መውሰድ የተለመደና አስተማማኝ መንገድ ነው። ናሙና በመውሰድ ምክንያት ካንሰር የሚዛመተው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ሳይታወቅ መቅረቱ የሚያመጣው ጉዳት ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ሁለት ሁኔታዎች ግን ለየት ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የወንድ ፍሬ ላይ የወጣ እጢ በቆለጥ ከረጢቱ በኩል በመርፌ አይነካም፤ በአልትራሳውንድና በደም ምርመራ ታይቶ፣ ካንሰር ከተጠረጠረ ፍሬው በብሽሽት በኩል ይወጣል። የአጥንትና የጡንቻ ካንሰር የሚጠረጠርበት ጭንና ክንድ ላይ ደግሞ ናሙናውን የሚወስደው፣ ወይም የሚወሰድበትን ቦታ የሚወስነው፣ በኋላ ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው ቡድን ቢሆን ይመረጣል።

ናሙናው በሁለት መንገድ ይወሰዳል። በቀጭን መርፌ ሴሎች ብቻ ይሳባሉ፤ ፈጣን ነው፣ ርካሽ ነው። በወፈረ መርፌ ወይም በትንሽ ቀዶ ደግሞ ቁራጭ ሥጋ ይወሰዳል። ጡት ላይ ካንሰር ከተጠረጠረ ቁራጩ ይሻላል። ምክንያቱም የካንሰሩን ዓይነት ብቻ ሳይሆን በሆርሞን የሚያድግ መሆኑንም ለመመርመር ያስችላል። ይህ በኋላ የመድኃኒቱን ምርጫ ይወስናል።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ማንኛውም እብጠት ተቆርጦ ሲወጣ፣ «ምንም አይደለም» ቢባል እንኳ፣ ለፓቶሎጂ፣ ማለትም ሥጋው በማይክሮስኮፕ ለሚታይበት ምርመራ፣ ይላክ። ከመቆረጡ በፊት «ናሙናው የት ይላካል? ውጤቱን መቼ ልውሰድ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሥጋው እንዳይበላሽ ፎርማሊን የሚባል ፈሳሽ ውስጥ ተደርጎ፣ ስም ተጽፎበት ይሂድ። እኛ ያላደረግነው ይህን ነው።

ካንሰር ካልሆነ፦ መተው፣ መከታተል ወይስ ማውጣት?

ውጤቱ «ካንሰር አይደለም» ካለ ምርጫው ሰፊ ነው፤ ለመወሰንም አያጣድፍም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሁለት ጎን ነው። አንዱ «ካንሰር ካልሆነ ምን አገባኝ» ብሎ ጨርሶ ይረሳዋል። ሌላው «በሰውነቴ ውስጥ ምንም እንዲቀር አልፈልግም» ብሎ የማያስፈልግ ቀዶ ሕክምና ውስጥ ይገባል።

ቆዳ ሥር ያለች የስብ እጢ ካላመመች፣ ካላደገች፣ ልብስም ካላሻት ልትተው ትችላለች። በወጣት ሴቶች ጡት ላይ የሚወጣው፣ ሲነኩት እንደ ብይ የሚንሸራተተው ፋይብሮአዴኖማም ምንነቱ ከተረጋገጠ በኋላ በአልትራሳውንድ ክትትል ሊቆይ ይችላል። ካደገ ወይም ልጅቷን እንቅልፍ ከነሳት ይወጣል። ሲወጣም እጢው ብቻ ነው እንጂ ጡቱ አይነካም።

ማዮማ ግን ሰፋ አድርጎ ማየት ይፈልጋል። ከሴት ዘመዶቻችን ውስጥ ያላየችው ጥቂት ናት። ማዮማ የማህጸን ጡንቻ ላይ የሚያድግ እጢ ነው፤ ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰር ይለወጣል የሚለው ስጋትም ከተገቢው በላይ የተጋነነ ነው። ምንም ስሜት ከሌለው ክትትል ይበቃዋል። የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይቀንሳል። ስለዚህ ማረጫዋ የቀረበ የ49 ዓመት ሴትና ገና ልጅ ያልወለደች የ29 ዓመት ሴት አንድ ዓይነት ማዮማ ቢኖራቸውም ምክሩ አንድ አይሆንም።

ዋናው ችግር የደም መብዛት ከሆነ ከቀዶ ሕክምና በፊት የሚሞከሩ ነገሮች አሉ። በወር አበባ ቀናት ብቻ የሚወሰድ ትራኔክሳሚክ አሲድ አለ፤ ሆርሞን ያለው ሉፕም አለ። የጠፋውን ደም ለመተካት የብረት ማዕድን እንክብል ይሰጣል። ይህ ካልበቃና መውለድ የምትፈልግ ከሆነ ማዮማው ብቻ ተለቅሞ ማህጸኗ ይተዋል። ዋጋው ግን አለ። ተመልሶ ሊያድግ ይችላል፤ በኋላም በምጥ ሳይሆን በኦፕራሲዮን እንድትወልድ ሊያስፈልግ ይችላል። ልጅ ጨርሳ የወለደችና በደም ማነስ የተሰቃየች ከሆነ ደግሞ ማህጸኑን ማውጣት ነገሩን ለዘለቄታው ይዘጋዋል። የኔ አስተያየት ይህ ነው፦ ባል፣ እናት ወይም አማች ሳይሆን ራሷ ሴቲቱ ከሐኪሙ ጋር ብቻዋን ቁጭ ብላ የምትነጋገርበት ጊዜ ይሰጣት። መውለድ ትፈልግ እንደሆነ በሰው ፊት የምትመልሰውና ብቻዋን የምትመልሰው ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

እንቅርትም እንዲሁ ነው። ትንሽና ለስላሳ ከሆነ፣ የሆርሞን ምርመራው ደህና ከሆነ፣ በመርፌ ታይቶ ካንሰር ካልሆነ ሊተው ይችላል። መዋጥና መተንፈስ ከከለከለ፣ ወይም ወደ ደረት ከወረደ ግን ካንሰር ባይሆንም ይወጣል። ከዚያ በፊት ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። የታይሮይድ እጢው ሙሉ በሙሉ ከወጣ ሌቮታይሮክሲን የሚባል እንክብል ዕድሜ ልክ በየቀኑ ይወሰዳል። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ነው የሚወሰደው። ቡና ደግሞ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚይዘው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት መቆየት አለበት። የዘጌ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱ እንደሚቀየር አውቃለሁ፤ ግን ይቻላል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ድምፅ መጎርነንና የካልሲየም መቀነስ ሊያጋጥም ስለሚችል ይህንንም ቀድማችሁ ጠይቁ።

«ካንሰር ካልሆነ አይገድልም» የሚለው አባባል ሁልጊዜ እንደማይሠራም ማወቅ ይገባል። የራስ ቅል ውስጥ ያለ እጢ ካንሰር ባይሆንም ቦታ ስለሌለው አንጎልን ይጫናል። ጆሮ ሥር ባለው የምራቅ እጢ ላይ የሚወጣው አንዱ ዓይነት ደግሞ ቢተው ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ካንሰር የመለወጥ ጠባይ ስላለው እንዲወጣ ይመከራል። አንጀት ውስጥ የሚበቅሉ ፖሊፖችም በዚያው ምክንያት ሲገኙ ይለቀማሉ።

መሐል ላይ ያለው

ሁለቱን ብቻ እያወዳደርኩ ብተወው ትልቅ ነገር አጎድላለሁ። ገና ካንሰር ያልሆነ፣ ግን ከተተወ ሊሆን የሚችል ለውጥ አለ። የማህጸን በር ላይ ያለው ይታወቃል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች እንዲመረመሩ ይመከራል፤ ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ቀደም ብለውና ቶሎ ቶሎ። በአሴቲክ አሲድ ተቀብቶ በዓይን የሚታየው ምርመራ ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚፈጀው። ለውጡ ከተገኘ በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ ይጠፋል፤ ብዙ ጊዜም በዚያው ቀን። ከደቅ ደሴት ወይም ከገጠር በጀልባ ለምትመጣ ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው። በአንድ ጉዞ ያልቃል። ያ ለውጥ ሳይታይ አልፎ ካንሰር ከሆነ ግን ጨረር፣ ኬሞና የወራት መመላለስ ይጠይቃል። ለሴት ልጆች የሚሰጠው፣ የማህጸን በር ካንሰር የሚያመጣውን ቫይረስ የሚከላከለው የኤችፒቪ ክትባት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሀገራችን አለ፤ ልጃችሁ ትምህርት ቤት ሲደርሳት አታስቀሯት።

ካንሰር ከሆነ፦ ምርጫው ስለ ቅደም ተከተል ነው

እዚህ ሲደረስ ጥያቄው ይቀየራል። «ላድርግ ወይስ ልተው?» መሆኑ ይቀርና «ምን ይቅደም?» ይሆናል። ከካንሰር ሕክምና አብዛኛው በአንድ ነገር አያልቅም።

መጀመሪያ ደረጃው ይለካል። እዛው ነው ያለው? ብብት ደርሷል? ሳንባ፣ ጉበት፣ አጥንት? ለዚህ ራጅ፣ አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ስካን ይታዘዛል። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ይናደዳል። «ካንሰር መሆኑ ታውቋል፣ ለምን ዝም ብለው አያወጡትም? ለምን ብር ያስጨርሱናል?» ይላል። እኔም ብያለሁ። ግን ምክንያት አለው። ሩቅ ለተሰራጨ በሽታ ቶሎ ብሎ ጡት ማንሳት ሴቲቱን አድክሞ ዋናውን መድኃኒት ሊያዘገይባት ይችላል። ትልቅ ሆኖ ገና ላልተሰራጨው ደግሞ ኬሞ ቀድሞ ካሳነሰው በኋላ ቀዶው ይቀላል።

ቀዶ ሕክምናው ራሱም ይለያል። ካንሰር ያልሆነ እጢ ብዙ ጊዜ የሚወጣው እንደ ፍሬ ተፈልቅቆ ነው። ካንሰር ግን ዙሪያውን ካለው ጤነኛ ሥጋ ጋር ይወጣል፤ በአቅራቢያው ያሉ የሊምፍ እጢዎችም ይታያሉ። ከዚያ ፓቶሎጂው የወጣው ሥጋ ጠርዝ ላይ ካንሰር መኖር አለመኖሩን አይቶ «ዳሩ ንጹሕ ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ ይጽፋል። አክስቴ በመጀመሪያው ጊዜ የተደረገላት የማይሰራጨው ዓይነት ቀዶ ነበር፤ በሽታዋ ግን የሚሰራጨው ነበር።

ኬሞ በደም ሥር የሚሰጥ፣ መላ ሰውነት የሚዞር መድኃኒት ነው። ለብዙዎቹ የጡት ካንሰር ዓይነቶች በየ21 ቀኑ ይሰጣል፤ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ደም ይመረመራል። ባሕር ዳር ውስጥም ይሰጣል፤ ከፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ሪፈር ይዘው የሚገቡና የሚወጡ የጎጃምና የጎንደር ሰዎችን ያየ ያውቃል። ፀጉር ይረግፋል፤ ተመልሶ ይበቅላል። ማስመለስ አለ፤ መከላከያ መድኃኒት አለው። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ትኩሳት ነው። በኬሞ ላይ ያለ ሰው ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ «ጉንፋን ነው፣ ይለፍ» አይባልም። የነጭ ደም ሴሉ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል ይሄዳል። ዘጌ ወይም ደሴት ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ማለት ሕክምናው እስኪያልቅ ከተማ ውስጥ ዘመድ ቤት መቆየት ይሻላል ማለት ነው። እኛ አክስቴን ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ያለው ቤታችን አስቀመጥናት። መጀመሪያ «ደጄን ማን ይጠብቅ» ብላ እምቢ ብላ ነበር። በሦስተኛው ዙር እኩለ ሌሊት ትኩሳት ሲነሳባት በባጃጅ በደቂቃዎች ደረስን።

የጨረር ሕክምና ነገር ከርቀት ጋር የተያያዘ ነው። አዲስ አበባ ያለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት በሀገሪቱ ብቸኛው የጨረር ቦታ ነበር። ጨረር በሳምንት አምስት ቀን፣ ለተከታታይ ሳምንታት ይሰጣል። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ተመላልሶ አይሆንም። ማደሪያ፣ አስታማሚና ስንቅ ቀድሞ ይታሰብ። ጡት በከፊል ብቻ ይውጣ ወይስ ሙሉ በሙሉ ይነሳ የሚለው ምርጫም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በከፊል ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ጨረር ግድ ነው። ጨረሩን በጊዜው ማግኘት ለማትችል ሴት ሙሉ በሙሉ ማንሳቱ አስተማማኝ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ በአግባቡ ሲሠሩ በሕይወት ለመቆየት የሚሰጡት ተስፋ ተመሳሳይ መሆኑን ግን እወቁ፤ ጡቷን ማቆየት የፈለገች ሴት ነፍሷን አልናቀችም።

ካንሰሩ በሆርሞን የሚያድግ ከሆነ ታሞክሲፌን የሚባል እንክብል አለ። በየቀኑ፣ ለአምስት ዓመት፣ ለአንዳንዶች እስከ አሥር ይወሰዳል። ብዙ ሴቶች «ድኛለሁ» ብለው የሚያቋርጡት ይህን ነው። እባካችሁ አታቋርጡ። ያልተለመደ የማህጸን ደም ወይም የአንድ እግር እብጠት ካያችሁ ግን ቶሎ ተናገሩ።

በሽታው መዳን ከሚችልበት ካለፈም ሕክምና አይቆምም። ግቡ ይቀየራል። ሕመምን ማስታገስ፣ መተንፈስን ማቅለል፣ እንቅልፍ መስጠት ይሆናል። ሞርፊን በሐኪም ትእዛዝ ለካንሰር ሕመም ሲሰጥ ሱስ አይደለም። የሚያቃስት ሰው አጠገብ ተቀምጦ «ይቻለው» ማለት ለማንም አይበጅም።

ጸበል፣ ጾምና ቅጠላ ቅጠል

ጣና ዙሪያ ተወልዶ ጸበል አትሂዱ የሚል ሰው የለም፤ እኔም አልልም። አክስቴ ሁለቱንም አድርጋለች። ጸበል ስትጠመቅ የኬሞ ቀጠሮዋን አልዘለለችም። የንስሐ አባቷም «መድኃኒትም የእግዚአብሔር ነው» ብለው ከጾም አሳረፏት። እንቁላልና ወተት በጾም ወራት ስትወስድ መጀመሪያ እያለቀሰች ነበር፤ ኋላ ለመደችው። በኬሞ ወቅት ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተትና ያልተጣራ የሐይቅ ውኃ ይቅር። ቅጠል ጨምቆ ስለሚጠጣው ግን ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ከኬሞ ጋር ጉበትና ኩላሊት ላይ ሊጋጭ ስለሚችል ሐኪሙ ሳያውቅ አይጠጣ። ቁስል ላይ የሚለጠፈው ደግሞ ስንት ሴት ላይ ጊዜ እንደበላ አይቻለሁ።

ስለ ወረቀቱ

የፓቶሎጂ ውጤት ወረቀት ከቀበሌ መታወቂያ እኩል ይቀመጥ። ፎቶ አንሱት፤ ለሁለት ዘመድ ላኩት። ወረቀቱ ከጠፋ ወይም ሌላ ሐኪም እንዲያየው ከፈለጋችሁ ናሙናው በሰም ተይዞ ላቦራቶሪው ውስጥ ይቀመጣል፤ ብሎክ ይሉታል። ሪፈር ስትባሉ «ብሎኩን መውሰድ እንችላለን?» ብላችሁ ጠይቁ። ከእርሱ ላይ አዲስ ምርመራ ይሠራል፤ ሁለተኛ መቆረጥ ላያስፈልግ ይችላል። አክስቴ ለሆርሞን ምርመራው ሁለተኛ መርፌ ያልተወጋችው በዚህ ነው። ልጇ ብሎኩን በነጠላ ጠቅልላ፣ በእጇ ይዛ ሄደች።